የረሳ ሁሉ ሰነፍ አይደለም

መምህር የሆነ ሰው ቀይ እስክሪብቶ በእጁ በያዘ ጊዜ ራሱን እንደ ዳኛ መቁጠሩ አይቀርም። እኔም ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ወጥቼ በኩርሙክ ወረዳ ከሚገኙት ትምህርት ቤቶች በአንዱ ጂኦግራፊ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት፣ በዚሁ ቀይ እስክሪብቶ አንድ ፍርድ ፈርጄ ነበር። ፍርዱ ሦስት ፊደል ብቻ ነው፤ «ሰነፍ» የሚል። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምነግራችሁ ያ ፍርድ እንዴት እንደ ተሻረ ነው።

ፍርዱ የተፈረደበት ልጅ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረ። ስሙን አልጽፍም፤ ታሪኩን እንድጽፍ ግን እርሱም እናቱም ፈቅደውልኛል። ይህ ልጅ ጠዋት የነገርኩትን ከሰዓት በኋላ አያውቀውም። የቤት ሥራ ሲሰጠው በጥሩ ጽሕፈት ይጽፋል፤ በማግስቱ ደብተሩን ሲከፍት ግን የራሱን ጽሕፈት እንደ ባዕድ ጽሕፈት ትኩር ብሎ ያየዋል። አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ መልሱን ይቀበላል፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ያንኑ ጥያቄ እንደ አዲስ ይጠይቃል። ክፍሉ ይስቃል። እውነቱን ለመናገር እኔም አንዳንድ ጊዜ አብሬ ስቄአለሁ። ሲሰለቸኝ ደግሞ ተቆጣሁ፤ ከክፍልም አስወጣሁት፤ በመጨረሻም በካርዱ ላይ ያችን ቃል ጻፍኩ።

ካርዱ በተሰጠ በሦስተኛው ቀን እናቱ መጡ።

«ኡስታዝ» አሉኝ፤ በዚህ አገር መምህርን የሚጠሩት እንዲህ እያሉ ነው። «ልጄ ሰነፍ አልነበረም። ከጉድጓዱ ከወጣ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው።»

«የምን ጉድጓድ ነው እናቴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ዐረብኛና አማርኛ እያቀላቀሉ ነገሩኝ። ከሁለት ዓመት በፊት በበጋ ልጁ ከአጎቶቹ ጋር ወርቅ ሊቆፍር ወርዶ ሳለ አፈሩ ተናደበት። ቆፍረው ባወጡት ጊዜ ፊቱ ዐመድ መስሎ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ትንፋሹ ቆሞ ነበር። ከተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ነገሩን የሚያውቅ አንድ ሰው ደረቱን እየተጫነ፣ በአፉም አየር እየሰጠ መለሰው። ልጁ ሁለት ቀን ሳይናገር ቆይቶ በሦስተኛው ቀን ዓይኑን ገለጠ፤ ውሃም ጠየቀ፤ መንደሩ እልል አለ። አጥንቱ አልተሰበረም፤ መልኩ አልተለወጠም። ስለዚህ ሰው ሁሉ «ዳነ» አለ።

«እኔ ግን» አሉኝ እናቱ፣ «ሦስት ነገር አምጣ ብዬ ገበያ ልኬው አንዱንም ሳያመጣ በተመለሰ ጊዜ፣ ልጄ ሁለመናው ከጉድጓዱ አልወጣም አልኩ።»

ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ የዚህን የእናት ቃል ማብራሪያ ነው ብትሉ አትሳሳቱም። እርሳቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያሉትን እኔ ለማወቅ ብዙ መጽሐፍ ማገላበጥና ሐኪሞች መጠየቅ አስፈልጎኛል።

ኩርሙክን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልንገር። ከአሶሳ ወደ ሰሜን ምዕራብ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚገኝ፣ ከሱዳን ጋር የሚያዋስን ሞቃት ቆላ ነው። ከድንበሩ ማዶ ያለችውም ከተማ ስሟ ኩርሙክ ነው። አገሩ የቤርታ ሕዝብ አገር ሲሆን ወርቁ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። በ1820 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉትም ዘመኖች ሁሉ እንዲሁ ናቸው) የግብጹ ገዥ ሙሐመድ ዐሊ ጦሩን ወደ ሱዳን ሲልክ ከተመኛቸው ነገሮች አንዱ የዚሁ አካባቢ ወርቅ ነበር። አገሩ በዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ሥር ከገባ በኋላም የአሶሳው ሼህ ኾጀሌ አልሐሰን ግብራቸውን በወርቅ ይከፍሉ ነበር። ዛሬም ብዙ ቤተ ሰብ ከእርሻው ጎን ለጎን የሚኖረው በወርቅ ነው። ወንዱ ይቆፍራል፤ ሴቷ አፈሩን በእንጨት ገበቴ በውሃ እያጠበች ፍሬውን ትለያለች። ተማሪዎቼም ደብተርና ጫማ የሚገዙት አብዛኛውን ጊዜ ከዚሁ በሚያገኙት ነው።

ጉድጓዱ ግን ጠባብ ነው፤ ግድግዳውም ባዶ አፈር ነው። አፈር ሲናድ ሰውን የሚገድለው በክብደቱ ብቻ አይደለም። የተቀበረው ሰው አየር ባስወጣ ቁጥር ደረቱ ይጠባል፤ አፈሩም ወዲያው ክፍተቱን ይሞላዋል፤ መልሶ አየር ለመሳብ ደረቱ ስፍራ ያጣል። ጭንቅላቱ ከአፈሩ በላይ ቢሆን እንኳ ሊታፈን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ትንፋሽ በቆመ ጊዜ ከሰውነታችን መጀመሪያ የሚጎዳው ማነው? አንጎል ነው። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን ሰውነታችን ከሚጠቀምበት ኦክሲጅን ውስጥ 20 በመቶ ያህሉን ለብቻው ይወስዳል። ይህን ያህል የሚበላ ሲሆን ጎተራ የለውም። ጉበት ስኳር ያጠራቅማል፤ ጡንቻ ያለ በቂ አየር ለጥቂት ጊዜ ሊሠራ ይችላል። እኛ ደመወዝተኞችም ወር እስኪደርስ ከባለሱቁ በዱቤ እየወሰድን እንከርማለን። አንጎል ግን ዱቤ የተከለከለ ሰው ነው፤ ደመወዙን የሚቀበለው በየሴኮንዱ ነው። ደም ወደ አንጎል መፍሰሱን ባቆመ ጊዜ ሰው በ10 ወይም በ15 ሴኮንድ ውስጥ ራሱን ይስታል፤ 4 ወይም 5 ደቂቃ ካለፈ በኋላ የማይመለስ ጥፋት ይጀምራል። ከዚህም የሚብሰው፣ ትንፋሽ ከተመለሰ በኋላ እንኳ የተጎዱት ሕዋሳት አንዳንዶቹ ከጥቂት ቀናት በኋላ የሚሞቱ መሆናቸው ነው።

የአንጎል ክፍሎች ሁሉ እኩል አይጎዱም። አየር ሲያጥር ቶሎ ከሚሞቱት አንዱ በጆሮ ግንድ በኩል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የሚገኘው ሂፖካምፐስ የሚባለው ክፍል ነው። ቃሉ የባሕር ፈረስ ማለት ነው፤ ስሙን ያወጣለት ጣሊያናዊው ጁሊዮ ቼዛሬ አራንዚ በ1587 ባሳተመው መጽሐፍ ቅርጹን ከዚያች የባሕር ፍጥረት ጋር አመሳስሎ ነው።

የዚህን ክፍል ሥራ ለመንግሥት ሠራተኞች ማስረዳት ቀላል ነው። በመሥሪያ ቤታችሁ ያለውን መዝገብ ቤት አስቡ። ገቢ ደብዳቤ ሲመጣ ቁጥር ይሰጠዋል፤ በፋይሉ ይገባል፤ ኋላም ሲፈለግ ይገኛል። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ድንገት ቢጠፋ ምን ይሆናል? የድሮዎቹ ፋይሎች በመደርደሪያቸው ላይ አሉ። ኃላፊው በቢሮው ተቀምጦ ያስባል፤ ይጽፋል፤ ይፈርማል። ዛሬ የመጣው ደብዳቤ ግን ቁጥር ሳያገኝ ጠረጴዛ ላይ ይከርምና ይጠፋል። ተማሪዬም እንዲሁ ነበር። ከጉድጓዱ በፊት የተማረውን ማባዛት፣ የመንደሩን ሽማግሌዎች ስም፣ ከልጅነቱ የሚያውቀውን ቁርኣን ሁሉ አይስትም። የጠፋው የዛሬ ጠዋቱ ነበር።

ለዚህ የታወቀ ማስረጃ አለ። በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ አንድ ሰው በ1978፣ በ52 ዓመቱ፣ ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ወደ አንጎሉ የሚሄደው ደም ለጊዜው አጥሮበት ነበር። ሊቃውንቱ በጽሑፋቸው «አር. ቢ.» ይሉታል። ከዚያ በኋላ በኖረባቸው 5 ዓመታት ማሰቡና መናገሩ ሳይጎድል አዲስ ነገር መያዝ አቃተው። ከሞተ በኋላ ዞላ ሞርጋን፣ ስኩዋየርና አማራል የተባሉት ሊቃውንት አንጎሉን መርምረው ውጤቱን በ1986 አሳተሙ። ለመርሳቱ ምክንያት የሚሆን ሆኖ ያገኙት ጥፋት በሁለቱም ወገን ባለው በሂፖካምፐስ ውስጥ አንድ ቀጭን የሕዋሳት ረድፍ ብቻ ነበር። እስቲ ልብ በሉ፤ እንደ ክር የቀጠነች ረድፍ ብትጠፋ አንድ ሙሉ ሰው የትናንትናውን ቀን ያጣል።

የትንፋሽ ማጣት ጉዳት በመርሳት ብቻ አያበቃም። አንዳንዱ ሰው ሐሳቡን በአንድ ነገር ላይ ማቆየት ይሳነዋል። አንዳንዱ የሚጠየቀውን ያውቃል፤ ግን መልሱ ዘግይቶ ይመጣል። አንዳንዱ ሥራ መጀመር ያቅተዋል፤ ካልነገሩት ከተቀመጠበት አይነሳም፤ ሰውም «ምን ያለ ታካች ነው!» ይለዋል። ታጋሽ የነበረው በጥቂት ነገር ቱግ ይላል። እጁን ወደ ብርጭቆ ሲዘረጋ ሰውነቱ በድንገት የሚነዝረውም አለ፤ ይህን ላንስና አዳምስ የተባሉ ሐኪሞች በ1963 ጽፈውታል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ አንዳንዱ ሰው መጎዳቱን ራሱ የማያውቅ መሆኑ ነው፤ የረሳ ሰው መርሳቱንም ሊረሳ ይችላልና። ጉዳቱ በእያንዳንዱ ሰው ይለያያል፤ አየሩ ያጠረበት ጊዜ በረዘመ መጠንም ይከፋል።

አሁን እነዚህን ምልክቶች እንደገና ቁጠሩልኝ፤ መርሳት፣ መዘግየት፣ አለመጀመር፣ መቆጣት። እኛ በቤታችን፣ በትምህርት ቤታችንና በመሥሪያ ቤታችን ለነዚህ የምንሰጣቸው ስሞች ምንድን ናቸው? ስንፍና፣ ድንዛዜ፣ ታካችነት፣ ብልግና! ክንዱ የተሰበረን ሰው ድንጋይ አላነሳህም ብለን አንገርፈውም። የአንጎል ስብራት ግን በጨርቅ አይታሰር፣ በክራንች አይታይ፤ ስለዚህ ሕመሙን ጠባይ አድርገን እንቆጥረዋለን።

ከመንደሩ አንዳንዱ ልጁን ጂን ነክቶታል ብሎ ነበር። እኔ በዚህ አልስቅም፤ «ጂን» ያሉት ሰዎች ቢያንስ ጥፋቱ የልጁ እንዳልሆነ አውቀዋል፤ «ሰነፍ» ያልኩት የተማርኩት እኔ ነኝ። ዱዓውም ጸሎቱም አይቅር፤ ልብን ያጽናናል። ዳሩ ግን ከዱዓው ጋር ሌላም ሥራ አለ።

ይህ ሥራ ተሐድሶ ይባላል። ብዙ ሰው ተሐድሶ ሲባል የሞተውን የአንጎል ክፍል መልሶ ማስነሣት ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። የሞተ ሕዋስ አይነሣም፤ ነገር ግን የተረፈው አንጎል አዲስ መንገድ ሊማር ይችላል፤ ላልተማረውም ከውጭ ምርኩዝ ይሰጠዋል። ትልቁ መሻሻል የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ ከዚያ በኋላም ቢሆን ሰው መማሩን አያቆምም።

ተስፋ የሰጠኝን አንድ ጥናት ልጥቀስ። በ1997 በለንደን ፋራኔ ቫርጋ ካዴም የተባሉ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር ስለ ሦስት ወጣቶች ጽፈዋል። የሦስቱም ሂፖካምፐስ በሕፃንነታቸው ተጎድቷል፤ አንደኛዋ በምትወለድበት ሰዓት፣ ሌሎቹ በ4 እና በ9 ዓመታቸው። ሦስቱም የዋሉበትን ቀን መናገር አይችሉም፤ ዕቃቸውን የት እንዳስቀመጡ አያውቁም፤ ያለ ጠባቂም ቀጠሮ አይደርሱም። ይሁን እንጂ ሦስቱም ከጤነኞቹ ልጆች ጋር በአንድ ትምህርት ቤት ተምረዋል፤ ማንበብና መጻፍ ችለዋል፤ የዓለምን ዕውቀት ለመያዝም በቅተዋል። ለመምህር ከዚህ የሚበልጥ የምሥራች አለን? ትናንትን የማያስታውስ ልጅ ትምህርት ሊቀበል ይችላል ማለት ነው!

እንግዲህ ከልጁ ጋር ያደረግነውን ልንገራችሁ። በኩርሙክ የአንጎል ልዩ ሐኪም አጠገባችን የለም፤ ያለን ደብተር፣ እርሳስና ጊዜ ነበር።

በመጀመሪያ «ገምት» ማለትን ተውኩ። እኛ መምህራን ተማሪ ሲሳሳት ከስሕተቱ ይማራል እንላለን፤ ለጤነኛ ተማሪ እውነት ነው። አንድ ቀን ይህን ልጅ «የዳቡስ ወንዝ ወዴት ይገባል?» ብዬ ጠየቅሁት። «ወደ ባሮ» አለ። «አይደለም፤ ወደ ዓባይ ነው» አልኩት። በማግስቱ ስጠይቀው «ወደ ባሮ» አለ፤ በሦስተኛውም ቀን «ወደ ባሮ» አለ። እኔ ማረሜን ረስቷል፤ የገዛ አፉ ያወጣው ቃል ግን ሳያውቀው መንገድ አብጅቷል። አለን ባደሊና ባርባራ ዊልሰን የተባሉ እንግሊዛውያን ይህንኑ ነገር በ1994 በጥናት አሳይተዋል። መርሳት የጸናበት ሰው ስሕተት እንዲሠራ ሳይፈቀድለት ሲማር የተሻለ ይይዛል ይላሉ። ስለዚህ መልሱን አስቀድሜ መንገር ጀመርኩ። «ዳቡስ ወደ ዓባይ ይገባል» ብዬ እጽፍለታለሁ፤ አምስት ጊዜ ያነበዋል። ከዚያ «ዓባ» ብዬ የመጨረሻዋን ፊደል እተዋለሁ፤ እርሱ ይሞላል። ቀጥሎ «ዓ» ብቻ። ቀጥሎ ባዶ ስፍራ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ፣ በማግስቱ አንድ ጊዜ፣ ከሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ። ባሮ ከዳቡስ ለመውጣት ሦስት ሳምንት ፈጀበት፤ በመጨረሻ ግን ወጣ።

በሁለተኛ ደረጃ ትንሽ ደብተር በክር አድርገን አንገቱ ላይ አንጠለጠልን። የመጀመሪያው ገጽ «ዛሬ»፣ ሁለተኛው «ነገ»፣ ሦስተኛው «ሰዎች» ይባላል። ደብተሩ ራሱ ግን ይረሳ ነበር። የማስታወሻ ደብተር መያዝን የሚያስታውስ ማስታወሻ ያስፈልግ ነበርና ችግሩ ክብ ሆነብን። መፍትሔውን ያገኙት እናቱ ናቸው። ጠዋት ቁርስ ከመቅረቡ በፊት «ደብተር!» ይላሉ፤ ደብተሩን ካልገለጠ ገንፎው አይቀርብም። ከሁለት ወር በኋላ እጁ የገንፎ ሽታ ሲመጣ በራሱ ወደ ደብተሩ መሄድ ጀመረ። ሐኪም የነገረኝ እንደሆነ ልማድ የሚቀመጠው ከሂፖካምፐስ ውጭ በሌላ የአንጎል ክፍል ነው። ስለዚህ ትዝታው የተጎዳ ሰው ልማድ መያዝ ይችላል።

በሦስተኛ ደረጃ ዕቃ ሁሉ አንድ ቦታ፣ ሥራ ሁሉ አንድ ሰዓት እንዲኖረው አደረግን። እስክሪብቶው በሸሚዙ ግራ ኪስ እንጂ በሌላ አይቀመጥም። ለመድኃኒትና ለቀጠሮ የአጎቱ ተራ ስልክ ደወል ይሞላለታል። ይህም ከጥናት ውጭ አይደለም። ባርባራ ዊልሰንና ባልደረቦቻቸው በ2001 ባሳተሙት ጥናት ላይ ከተካፈሉት 143 ሰዎች መካከል ከ10 ከ8 በላይ የሚሆኑት በወገብ ላይ በሚታጠቅ የጥሪ መሣሪያ እየታገዙ የዕለት ሥራቸውን ቀድሞ ከሚሠሩት በበለጠ ለመፈጸም ችለዋል። የዛሬው ስልካችን ያን ሥራ ይሠራል።

በአራተኛ ደረጃ ዕረፍት ነው። የተጎዳ አንጎል ቶሎ ይደክማል። አርባ ደቂቃ ሙሉ ከማስተማር አሥር ደቂቃ አስተምሮ ማሳረፍ፣ እንደገና አሥር ደቂቃ ማስተማር ይሻላል። የሚስቁበትንም ልጆች አንድ በአንድ ጠርቼ ነገሩን አስረዳኋቸው፤ ከመካከላቸው ዋና ቀልደኛ የነበረው ዛሬ ጎኑ ተቀምጦ ገጹን የሚገልጥለት እርሱ ነው።

በአገራችንም ለዚህ ሥራ የሚሆን ባለሙያ በመውጣት ላይ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ2002 የፊዚዮቴራፒ ትምህርት በዲግሪ ማስተማር ጀመረ፤ ኋላም የተጎዳ ሰው ልብሱን መልበስን፣ ምግቡን ማብሰልንና ወደ ሥራው መመለስን እንደገና እንዲማር የሚረዱ የኦኪፔሽናል ቴራፒ ባለሙያዎችን በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ማሠልጠን ይዟል። ይህን የምታነቡ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች፣ የምትመርጡት ሙያ ጠፍቶባችሁ እንደሆነ ይህን አስቡት።

ምናልባት አንድ አንባቢ «ይህ የቆላና የወርቅ ቆፋሪ ጉዳይ ነው፤ እኔ አዲስ አበባ በኪራይ ቤት የምኖር ጸሐፊ ነኝ፤ ምን አገባኝ?» ይል ይሆናል። ወዳጄ፣ በክረምት ማታ ክፍልህን ለማሞቅ የከሰል ምድጃ አስገብተህ በርና መስኮት ትዘጋለህን? እንግዲያስ ጉድጓዱ እቤትህ ገብቷል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመውን ክፍል ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ሰው እየተነፈሰ ይታፈናል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ በአንድ ክፍል ያሉትን ሰዎች በአንድ ጊዜ ከያዛቸው ከሰል ነው ብለህ ጠርጥር። ከዚያ ተርፎ የዳነ ሰው እንኳ ከጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት በኋላ መርሳትና መፍዘዝ ሊጀምረው ይችላል። ከሰሉን ውጭ አቀጣጥል፤ ቤት ካስገባኸውም በርና መስኮት ክፈት፤ ስትተኛ ግን ፈጽሞ አብሮህ እንዳያድር።

ገና ሲወለድም ትንፋሽ የሚያጣ አለ። በአገራችን አራስ ሕፃናትን ከሚገድሉት ሦስት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ በሚወለዱበት ጊዜ መታፈን ነው። ከ2010 ጀምሮ በብዙ አገር አዋላጆች የሚሠለጥኑበት ትምህርት የመጀመሪያዋን አንዲት ደቂቃ «ወርቃማዋ ደቂቃ» ይላታል። ሕፃኑ ካልተነፈሰ በዚያች ደቂቃ ውስጥ አድርቆ፣ አሙቆ፣ ጀርባውን አሸት አሸት አድርጎ፣ እምቢ ካለም በፊኛና በጭምብል አየር መስጠት ነው። የወርቅ አገር ሰው ስለሆንኩ ይህ ስም ይገባኛል። ሚስትህ ወይም እኅትህ በጤና ጣቢያ ትውለድ የምንለው ለዚህች ደቂቃ ነው።

የታፈነ ሰው ብታገኙስ? ተከትላችሁ ወደ ጉድጓድ አትዝለሉ፤ አፈሩ ዳግመኛ ይናዳል፤ ሁለት ሬሳ ይሆናል። ሰው ጥሩ፤ ከአፉና ከደረቱ ላይ አፈሩን አንሡ፤ ወደ ንጹሕ አየር አውጡት። ካልተነፈሰ አፉን ጠርጋችሁ ደረቱን በመካከሉ ላይ በሁለት እጅ ተጫኑ፤ ጥልቀቱ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። የሠለጠነ ሰው ካለ በየ30ው ግፊት ሁለት ጊዜ በአፉ አየር ይስጠው። ነቅቶ ውሃ ቢጠይቅም ወደ ሐኪም ውሰዱት እንጂ «ዳነ» ብላችሁ አትበተኑ። በቀጣዮቹም ወራት ትዝታውንና ጠባዩን ተመልከቱ፤ ያያችሁትንም ለሐኪሙ ንገሩት።

ወደ ተማሪዬ ልመለስና ልጨርስ። አልዳነም። ትናንት የት እንደ ዋለ ብትጠይቁት ዛሬም ደብተሩን ይገልጣል። ነገር ግን ወደ አሥረኛ ክፍል አልፏል፤ እናቱ ሦስት ነገር ሲያዙት ሦስት ነገር ያመጣል፤ የዳቡስንም መፍሰሻ ያውቃል። ወደ ጉድጓድም አይወርድም፤ ከአክስቱ ጋር በወንዙ ዳር ገበቴ ይዞ ያጥባል።

ካርዱን የጻፍኩበትን ነገር ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። እርሱም በትሕትና «ምንም አይደል ኡስታዝ» አለኝ። በማግስቱ ግን ይቅርታዬን እንደ ረሳው አየሁ። «የነገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላሉ አባቶች፤ የእርሱ ግን ያለ ጥፋቱ ይጠፋበታል። ስለዚህ ደብተሩን ተቀብዬ «ሰዎች» በሚለው ገጽ ላይ፣ ከስሜ አጠገብ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ይህ መምህር ሰነፍ ብሎህ ነበር፤ ተሳስቷል» ብዬ ጽፌ ፈረምኩበት። እርሱ በየጠዋቱ ያነበዋል። እኔም ክፍል በገባሁ ቁጥር እንዳነበበው አውቃለሁ።

አንባቢዎቼ፣ ነገ በክፍላችሁ ወይም በቢሮአችሁ ከሕመም ተመልሶ የመጣ ጓደኛ ሁለት ጊዜ አንድ ነገር ቢጠይቃችሁ፣ ሁለት ጊዜ መልሱለት። ቀይ እስክሪብቶውን ከማንሣታችሁም በፊት «ምን ደርሶበት ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁ። እስከሚቀጥለው ደኅና ሰንብቱ።